መርዶ ነጋሪው በታመመ ጊዜ

ይህን የምጽፈው ልቡ ደከመ ተብሎ ቤተሰቡ በሹክሹክታ መነጋገር ለጀመረበት ሰው ነው። ሐኪም አይደለሁም። ስለ ልብ የማውቀው ስለ ራሴ ልብ ብቻ ነው፤ እሱንም ያወቅሁት ዘግይቼ፣ ሰው አስጨንቄ ነው። ሌላው እንደኔ እንዳይለፋ ብዬ ነው ብዕር ያነሣሁት።

ስሜ ደጀኔ ነው። የምኖረው የካ፣ ወደ እንጦጦ የሚያወጣው ዳገት ከሚጀምርበት ነው። ሙያዬ ግንበኝነት ነው፤ በዚህ ሰፈር የድንጋይ ቤት ካያችሁ አንዱን ማዕዘን እኔ ሳልጠርበው አልቀረሁም። ከግንቡ ሌላ ደመወዝ የሌለው ሥራም ነበረኝ፤ የሰፈራችን እድር መርዶ ነጋሪ ነበርኩ። ሰው ዘመዱ በሩቅ ሲሞትበት ወሬው ቀድሞ የሚደርሰው ለእኛ ነው። እኛ እንደብቀዋለን፣ ቀን እንመርጣለን፣ ከዚያ ጎሕ ሲቀድ፣ ሰውየው ከቤቱ ሳይወጣ፣ ሦስት አራት ሆነን እንሄዳለን። የምናገረው እኔ ነኝ። ለምን እኔ እንደተመረጥኩ እንጃ፤ ድምፅህ ወፍራም ነው፣ ሰውን ያረጋጋል ይሉኛል። ስንቱን አርድቻለሁ። መርዶው እስኪነገር ባሉት ቀናት ያንን ሰው መንገድ ላይ ሳገኘው የማደርገውንም አውቃለሁ፤ እጁን ያዝ አድርጌ እቆያለሁ፣ የሚናገረውን ሁሉ አዎን እላለሁ፣ ዓይኑን ግን አላይም።

ሚስቴ ከሞተች ቆይታለች። አንዲት ልጅ አለችኝ፣ አስካለ። ባሏ ወርቅነህ ሆስፒታል ውስጥ ድሬሰር ነው፤ ቁስል ያጥባል፣ መርፌ ይወጋል፣ እንግሊዝኛም ይችላል። ቤታቸው ጉርድ ሾላ፣ ዳር አገር ነው። የታላቅ እህቴ የእትዬ በዳቱ ቤት ደግሞ ከላይ፣ እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት አጠገብ፣ ባህር ዛፉ ውስጥ ነው። ከእናታችን ልጆች የቀረነው እኔና እሷ ነን፤ ብቻችንን ስንሆን የምንጫወተውም በእናታችን ቋንቋ፣ በኦሮምኛ ነው።

ሕመሙ የጀመረኝ ሥራ ላይ ነው። አንድ ጠዋት መወጣጫ ላይ ቆሜ ድንጋይ ስቀበል ዓይኔ ከዳር ወደ መሐል እየጠቆረ መጣ። ስነቃ መሬት ላይ ተዘርግቻለሁ፣ አፍንጫዬ ሥር ክብሪት ይጤሳል። ደግነቱ የወደቅሁት አሸዋ ላይ ነው። ክብሪት የሚጫረው ለማን እንደሆነ አዲስ አበባ የኖረ ሁሉ ያውቃል፤ የሚጥል በሽታ ላለበት ነው። እኔ አልተንፈራገጥኩም፣ አረፋም አልደፈቅሁም፤ ወድቄ ጥቂት ቆይቼ እንደተኛ ሰው ነው የተነሣሁት። ግን ክብሪቱ አንዴ ተጭሯል። በሁለተኛው ሳምንት ደግሜ ስወድቅ የሚጠይቅ እንኳ አልነበረም፤ የበሽታው ስም ታውቋል።

ከዚያ በኋላ ባልደረቦቼ የምጠጣበትን ጣሳ ለዩት። አንድም ሰው ክፉ ቃል አልተናገረኝም። ጣሳው ብቻ ለብቻው ምስማር ላይ ተሰቀለ። ምሳ ሰዓት ላይ ክቡን ሰፋ አድርገው ይቀመጣሉ፣ እኔ ስጠጋ ከመካከላቸው አንዱ የሚነሣበት ጉዳይ አያጣም። ሰው መሐል ብቻን መሆን እንዴት እንደሆነ ያኔ አየሁት።

ሕክምና አልሄድኩም አይባልም። አንዱ ክሊኒክ ደም ማነስ ነው ብሎ መርፌ ወጋኝ። ሌላው ጨጓራ ነው ብሎ ነጭ ፈሳሽ ሰጠኝ። ሦስተኛው እንደምወድቅ ሲሰማ ከወንበሩ ሳይነሣ የሚጥል በሽታ ክኒን ጻፈልኝ፤ ክኒኑ አስተኛኝ እንጂ መውደቄን አላስቀረልኝም። ያጠራቀምኳት ሁሉ በዚህ አለቀች። ከሦስቱ አንዱም እጄን ይዞ የደም ሥሬን አልቆጠረም። እኔም አልጠየቅሁም፤ ምን እንደሚጠየቅ መች አውቄ።

እትዬ በዳቱ ጠበል እንግባ አለችኝና ኪዳነ ምሕረት ሱባኤ ያዝን። ዳገቱን ስንወጣ በየሃያ እርምጃው ቆም ትላለች፣ ጫማዬ ውስጥ ጠጠር ገባ ትላለች። አንድም ቀን ደክሞሃል ብላኝ አታውቅም፤ ያ ሁሉ ጠጠር ከየት እንደሚመጣም እኔ አልጠየቅኋትም። ጠበሉ ሰላም ሰጠኝ፣ አልዋሽም። ሁሉም በሽተኛ የሆነበት ቦታ ጣሳ የሚለይ ሰው የለም። በአሥራ አንደኛው ቀን ግን ወረፋ እየጠበቅሁ ወደቅሁ። ሰዎቹ ጋኔን ነው ብለው ገለል ሲሉ እሷ ነጠላዋን ጥላ ጆሮዋን ደረቴ ላይ ለጠፈች። ስነቃ በኦሮምኛ ነገረችኝ። ልብህ ይጠፋል፣ እቆጥራለሁ እቆጥራለሁ፣ ከዚያ ይመጣል፤ ይሄ የልብ ነገር ነው፣ ጠበሉንም ጠጥተህ ሐኪም ዘንድም ትሄዳለህ አለችኝ። ፊደል ያልቆጠረች ሴት ናት። በሽታዬን መጀመሪያ ያገኘችው እሷ ናት።

ሆስፒታል ያደረሰኝ ሰይድ ነው። ሰይድ የጭነት መኪና ሾፌር፣ ጎረቤቴ፣ በእድርም አብሮኝ የሚሠራ ሰው ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ ስንከራከር የኖርን ወዳጆች ነን። እሱ ለግንብ ሲሚንቶ ይሻላል ይላል፣ እኔ ኖራ እላለሁ፤ ሾፌር ስለ ግንብ ምን አገባው ብለው አይሰማኝም። ያን ቀን ከፊት ከጎኑ አስቀምጦኝ እስከ በሩ ድረስ ስለ ሲሚንቶ አወራልኝ።

ወርቅነህ በሚሠራበት ሆስፒታል እንጨት አግዳሚ ላይ ሁለት ቀን ወረፋ ጠበቅሁ። በሁለተኛው ቀን ረጅም ቀጭን ፈረንጅ ዶክተር አየኝ። አንድ ነገር ሳይናገር እጄን ይዞ ሰዓቱን አየ። ደግሞ ቆጠረ። ከዚያ ሽቦ ያለው ማሽን ደረቴና እግሬ ላይ አስሮ ረጅም ወረቀት ጻፈ፤ የልብ ምት ነው የሚጽፈው። የጤነኛ ሰው ልብ በደቂቃ ሰባ ያህል ይመታል፣ የእኔ ሠላሳ ነው፤ አንዳንዴም ጨርሶ ይቆምና ያኔ ነው የምወድቀው። ይህን ወርቅነህ ተረጎመልኝ። ከምላስ ሥር የምትቀመጥ ክኒን ሰጡኝና በሳምንቱ ና ተባልኩ።

በሳምንቱ ዶክተሩ ወረቀት ላይ ልብ ሥሎ ጠበቀኝ። ብዙ ተናገረ። በብዕሩ ከአንገት የሚወርድ መሥመር ሣለ፣ ደረት ላይ የሳሙና ቁራጭ የምታህል ሳጥን ሣለ፣ አቆመ፣ እኔን አየኝ፣ እንደገና ተናገረ። ሁለት ጣቱን አነሣ። ከዚያም ወርቅነህን ጠበቀ። ወርቅነህ ወደኔ ዞሮ፣ ልብ የምትቀሰቅስ ትንሽ ባትሪ ደረትዎ ውስጥ ያስገባሉ፣ ቀላል ነገር ነው፣ ቶሎ ይወጣሉ ይላል አለኝ። በቃ ይሄው ነው። ዶክተሩ ከትርጉሙ ማጠር የተነሣ ግራ ገብቶት አንዴ እሱን አንዴ እኔን ያያል። ሁለት ጣቱ ምንድን ነው ብል ሁለት ሰዓት ይፈጃል ነው የሚለው አለኝ። አስቤ እመልሳለሁ አልኩና ወጣን።

ከዚያ ቀን በኋላ ቤቴ ሰው አይጠፋም፤ እኔ ግን እንደዚያ ጊዜ ብቻዬን ሆኜ አላውቅም። ጎረቤቶቼ ጥንድ ጥንድ ሆነው ይመጣሉ። ስገባ ጨዋታው ይቋረጣል። አስካለ ያለ በዓል ሥጋ ትሠራለች፣ ጉርሻ ታበዛለች፣ ወዲያው ደግሞ ጓዳ ትገባለች። የእድሩ ሰዎች እጄን ያዝ አድርገው ይቆያሉ። አንድ ቀን ከሰይድ ጋር ደጃፍ ተቀምጠን እንደ ልማዴ ኖራን ሳነሣ፣ «እውነትህን ነው ደጀኔ፤ ኖራ ነው የሚሻለው» አለኝ።

ደነገጥኩ። ሃያ ዓመት ያልሰማሁት ቃል ነው። ወዲያው ገባኝ፤ የምረዳው መርዶ አለ። ያን ያህል ጊዜ ሰው ሳረዳ ኖሬ ምልክቱን ላጣው አልችልም። ማን ሞቶብኝ ይሆን ብዬ ዘመዶቼን መቁጠር ጀመርኩ። እትዬ በዳቱን ትናንት አይቻታለሁ። አስካለ ጓዳ ናት። አገር ቤት ያሉትን አክስቶቼን አንድ በአንድ አሰብኩ። ለማናቸው ሥጋ ይሠራል፣ ለማናቸው ሰይድ ኖራን ያመሰግናል? ቆጥሬ ቆጥሬ ከስሜ በቀር የቀረ ስም አጣሁ። የተደበቀኝ የገዛ ራሴ ነገር ነው።

ተናደድኩ፣ ፈራሁም። ከሁሉ የከፋኝ ግን ሌላ ነው። ሁሉም የሚያውቁትን ነገር አንተ ብቻ ሳታውቅ መሐላቸው ስትቀመጥ፣ የሚወዱህ ሰዎች ከወንዝ ማዶ እንዳሉ ያህል ይርቁብሃል። እኔ ያረዳኋቸው ሰዎች ሁሉ ከመርዶው በፊት በዚህ ውስጥ አልፈዋል ማለት ነው። አንድም ቀን አስቤው አላውቅም ነበር።

እሑድ ጠዋት ወርቅነህን ብቻውን አስጠራሁት። ግቢዬ ውስጥ የጠረብኳቸው ድንጋዮች ተከምረው ነበርና እዚያ ወሰድኩት።

«ፈረንጁ ያለውን ልትነግረኝ ነው» አልኩት።

«ነገርኩዎት እኮ ጋሼ።»

«ሁለት ጣቱ ምንድን ነው?»

«ሁለት ሰዓት ይፈጃል ማለቱ ነው።»

ዝም አልኩ። ዝም ማለት የሙያዬ ግማሽ ነው። እሱ ቆሞ የሸሚዙን ቁልፍ ይነካካል። ኋላ ላይ ድምፁ ቀጥኖ፣ አስካለ እንዳልነግርዎ አስምላኛለች አለኝ። አውቃለሁ፣ እኔም በቦታዋ ብሆን አስምልህ ነበር አልኩት።

«አሁን ግን መርዶ እንዴት እንደሚነገር ላስተምርህ» አልኩት። «መጀመሪያ ተቀመጥ። ቆሞ የሚናገር ሰው ልቡ መንገድ ላይ ነው። ከዚያ አታሳምረው። ታሞ ነበር፣ ጠንቶበት ነበር እያልክ አታስረዝም፤ ሰውየው ስትገባ አውቆታል፣ በከንቱ ነው የምታሠቃየው። ስሙን ጥራና የሆነውን ተናገር። ስትጨርስ ደግሞ አትሂድ። ዋናው አለመሄዱ ነው።»

ተቀመጠ። «ጋሼ ደጀኔ» ብሎ ስሜን ጠራ፣ ነገረኝም።

ሁለት ጣት ማለት ሁለት ዓመት ነው። ባትሪዋ ከዚያ በላይ ብዙም አትሄድም፤ ስታልቅ ደረቴ እንደገና ተከፍቶ ትለወጣለች፣ በየሁለት ዓመቱ፣ በሕይወት እስካለሁ ድረስ። ዶክተሩ ውሉ ሲያልቅ አገሩ ስለሚገባ ያኔ ማን እንደሚለውጣት አይታወቅም። ሽቦዋ በአንገት ደም ሥር ወርዳ ልብ ውስጥ ስትገባ ልቤ ሊቆም ይችላል፤ ቆሞ ላይነሣም ይችላል። ቁስሉ ካመረቀዘ የገባው ሁሉ መውጣት አለበት። ሽቦዋ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከቦታዋ ልትንሸራተት ስለምትችል ክንዴን ወደ ላይ ማንሣት የለብኝም፤ ድንጋይ መሸከም ደግሞ ጨርሶ ቀረ። ዶክተሩ በአገሩ ደጋግሞ ሠርቶታል፣ አብረውት የሚቆሙት ግን እዚህ አይተውት አያውቁም። ባልገባስ አልኩት። በክኒኗ ወራት ሊገፉ ይችላሉ፣ ግን ከሚወድቁበት በአንዱ አይነሡም አለኝ።

ጨርሶ አልሄደም። ፀሐይ ግቢውን እስክትሞላው አብሮኝ ተቀመጠ። ፍርሃቴ አልቀነሰም፣ እንዲያውም አሁን ቅርጽ ያዘ። ነገር ግን ከሳምንታት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ሰው ከእኔ ጋር እንዳለ ተሰማኝ። በማግስቱ ዶክተሩ ዘንድ ሄደን ያለውን እንደገና አስደገምኩት። የወርቅነህ ትርጉም ከዶክተሩ ንግግር እኩል ረዘመ። ዶክተሩም ደስ አለው መሰለኝ፣ ወንበሩን ወደኔ አስጠጋ።

አሁን ምርጫው የእኔ ሆነ፤ ማወቅ የሚያመጣው ጣጣ ይሄ ነው። አስካለ አትግባ አለች። በክኒኗ እየኖርክ በጸሎት እንጠብቅህ ብላ አለቀሰች። እኔም አንድ ቀን እገባለሁ እላለሁ፣ በማግስቱ ደግሞ በገዛ እግሬ ለቢላዋ አልሄድም እላለሁ። ማታ ማታ እንቅልፍ ከወሰደኝ ልቤ ይረሳኛል ብዬ እየሠጋሁ የገዛ ደም ሥሬን ይዤ አድራለሁ። አንድ፣ ከዚያ ረጅም ዝምታ፣ ከዚያ ሁለት።

በመጨረሻ ሰይድ መኪናው እስከምትወጣበት አወጣኝና እህቴ ዘንድ ሄድኩ። ሁሉን ነገርኳት፣ ሳላሳምር። ሰምታ ስትጨርስ ስለ ቀዶ ጥገናው አንድም አልጠየቀችኝም።

«እኔን የምትቀብረኝ አንተ ነህ» አለችኝ። «ሌላ ሰው አፈር እንዳያለብሰኝ። ሁለት ዓመት ካልክ ለእኔ ይበቃኛል፣ ግባ።»

ሰውን ለቀብር ኑርልኝ ብሎ ማጽናናት የእሷ ብቻ ነው። ግን ለምን እንደምገባ ያወቅሁት ያኔ ነው። ለመኖር ብቻ ቢሆን ኖሮ እፈራ ነበር። ቃል ሰጥቻት ወረድኩ፤ በሳምንቱም ገባሁ።

ቀዶ ጥገናው በማደንዘዣ መርፌ ነው እንጂ አላስተኙኝም። ወርቅነህ ራስጌዬ ቆሞ፣ አሁን ቆዳውን ነው፣ አሁን ሽቦዋ አንገትዎ ላይ ናት፣ አሁን የሚከብደው ነው እያለ ነገረኝ። በሚከብደው ላይ ጣሪያው ራቀኝ፣ ድምፁም ጠፋ። ተመልሼ ስሰማው ስሜን እየጠራ ነበር። ከዚያ የማልረሳው ነገር ሆነ፤ እግሬ ሞቀ። ለወራት ቀዝቅዞ የኖረው እግሬ ከጣቶቼ ጀምሮ ሞቀ። አለቀስኩ። ነርሷ አሞት ነው ብላ ተጨነቀች።

ከዚያ የመጣው ግን ረጅም ነው፣ ማንም አስቀድሞ አልነገረኝምና እኔ ልንገራችሁ። ቀናት በጀርባ ብቻ ተኝቶ ጣሪያ ማየት ነው። ግራ ክንዴን ከደረቴ ጋር አሥረውታል። በሁለተኛው ቀን ትኩሳት ያዘኝ፣ አመርቅዞ ይሆናል ብለው ሁሉም ፊታቸው ጠቆረ፤ በመርፌ ብዛት በረደ። ሳጥኗ ከቆዳዬ ሥር ጎልታ ትታያለች፣ ስትነካ ትቀዘቅዛለች። ከሰዓት በኋላ ጠያቂ ሲወጣ ክፍሉ ዝም ይላል፤ የራሴ ያልሆነ ነገር ውስጤ ሲሠራ እሰማለሁ ብዬ ጆሮዬን እጥላለሁ። አይሰማም። አንዲት የሌሊት ተረኛ ነርስ ግን ባለፈች ቁጥር የእግሬን ብርድ ልብስ አስተካክላ ትሄድ ነበር፤ ስሟን እንኳ አልጠየቅኋትም።

እትዬ በዳቱ አልመጣችም። አስካለ እግሯን አሟት ነው አለችኝ። ዳገቱን አውቀዋለሁና ልክ ነው አልኩ። አጥሚቱም ከአስካለ እጅ ብቻ ሆነ። አንድ ቀን ዓይኗ አብጦ መጣች፣ ጉንፋን ነው አለችኝ። ሰይድ መጥቶ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠና ስለ ኖራም ስለ ሲሚንቶም ሳያነሣ ሄደ። እኔም አላነሣሁበትም።

ቤቴ ስገባ ዶክተሩ ያዘዘኝን በየጠዋቱ አደርግ ነበር፤ ሰዓት ይዤ የደም ሥሬን እቆጥራለሁ። ሰባ። ሁልጊዜ ሰባ። ይህች ዓይነቷ መሣሪያ ሰው ዳገት ቢወጣም፣ ቢተኛም፣ ቢደነግጥም አትለወጥም፤ ለዚህ ነው ዳገት ላይ ቶሎ የሚደክመኝ። አምስተኛው ሳምንት ሲያልፍ አንድ ጠዋት ጎሕ ሲቀድ ቁጥሩን ጀምሬ ሳለሁ ደጅ ኮቴ ሰማሁ። የአንድ ሰው ኮቴ አይደለም። እንዲያ ቀስ ብለው የሚመጡት ለምን እንደሆነ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም፤ እኔ ነኝ ያስተማርኳቸው።

ሰይድና ሁለት የእድር ሽማግሌዎች ገቡ። አስካለ ነጠላዋን አዘቅዝቃ በሩ ላይ ቀረች። ወርቅነህ ግን ቀጥ ብሎ መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ።

«ጋሼ ደጀኔ» አለ። «እትዬ በዳቱ ሞተዋል። እርስዎ በተሠሩ በሦስተኛው ቀን ነው። ኪዳነ ምሕረት ተቀብረዋል።»

ከዚያ አልሄደም።

ማን አፈር አለበሳት ብዬ ጠየቅሁ። ሰይድ፣ ዘመድ ይቅደም ሲባል አንተ የለህም፣ እኔ ባንተ ፈንታ ቆምኩ አለኝ። እስላም ነህ ብሎ የከለከለኝ የለም አለ፣ ይቅርታ የሚጠይቅ ይመስል።

አለቀስኩ፣ ጮኼ ነው ያለቀስኩት። ጣቴ ግን ከደም ሥሬ አልተነሣም ነበር፣ ሳላስበው ቆጠርኩ። ሰባ ነው። እህቴ ሞታ ሰባ። ሰው ሲያዝን ልቡ ምን ምን እንደሚል ስንቱን ይዤ አይቻለሁ፤ የእኔ ግን ምንም እንዳልሰማ ሰው መንገዱን ቀጥሏል። በዚያች ደቂቃ ያቺን ሳጥን በጥፍሬ ባወጣት ደስ ባለኝ። የቀረችኝ እህት ናት፣ ልቤ እንኳ አላዘነላትም። እንደዚያ ያለ ብቸኝነት ለጠላቴም አልመኝ።

ኋላ ላይ ወርቅነህን ሁሉን ንገረኝ ብዬህ አልነበረም ወይ አልኩት። ዶክተሩ ያኔውኑ ንገሩት፣ መሣሪያው ሐዘን አያውቅም ብሏቸው ነበር አለኝ፤ አስካለ ናት እንቢ ያለችው፣ ተዝካሯ ሲቃረብ ነው የፈቀደችው። በአስካለ ልቆጣ አልኩና ተውኩት። እውነቱን ልናገር፣ አውቅ ነበር። ያበጠ ዓይን ጉንፋን እንዳይደለ ከእኔ በላይ ማን ያውቃል? እግሯን አሟት ሲሉኝ አንድ ጥያቄ ብጠይቅ እውነቱ ይወጣ ነበር። አልጠየቅሁም። ስለ ገዛ ሞቴ ሰው አስጨንቄ ያወጣሁ ሰው፣ ስለ እሷ ሲሆን ጣሪያ አይቼ ዝም አልኩ። እነሱ ደበቁኝ፣ እኔም አብሬያቸው ደበቅሁ።

ለአርባዋ ዳገቱን በእግሬ ወጣሁ፣ በየሃያ እርምጃው እየቆምኩ። መቃብሯ ላይ ድንጋይ የጠረበላት ሌላ ሰው ነው፤ ማዕዘኑ ትንሽ ጠሟል፣ ተውኩት።

እናንተ ልባችሁ የታመመ፣ የምላችሁ ይህ ነው። ከወደቃችሁ ክብሪት ከመጫሩ በፊት እጃችሁን ይዞ የደም ሥራችሁን የሚቆጥር ሰው ይገኝ። ሐኪም ሲናገር ትርጉሙ ካጠረ አስደግሙት። የሚተረጉምላችሁ ሰው ተቀምጦ ይናገር። ሁለት ዓመት ነው ቢሏችሁ ሁለት ዓመት ብዙ ነው፤ እኔ በነዚህ ሁለት ዓመታት የልጅ ልጅ አይቻለሁ፣ ጠርቤ ባልሸከምም ቆሜ ግንብ አስገንብቻለሁ። ደስተኛ ነኝ ግን አልላችሁም። ቤቱ ዝም ያለ ነው።

ባትሪዋ አሁን እያለቀች ነው። ሰባው ስልሳ ስድስት ሆኗል፤ ምልክቱ እሱ ነው ብለውናል። የመጀመሪያው ዶክተር አገሩ ገብቷል። ባለፈው እሑድ ወርቅነህ መጣና ተቀመጠ፤ ስሜን ጠርቶ፣ አዲሱ ዶክተር ይህን ሥራ አንድ ጊዜ ብቻ እንደሠራው ነገረኝ። ሌላም የሚያስፈራ ብዙ ነገር ነገረኝ፣ አንዱንም አላሳመረውም። እገባለሁ አልኩ። አስካለ በሩ ላይ ቆማ ትሰማ ነበር። ስለ ራሴ ያለውን ሁሉ ጠይቄ ጨረስኩ። ተኝቼ ሳለሁ ሰው ቢሞትብኝ ምን እንደሚያደርጉ ግን አልጠየቅኋቸውም።